ከማን አንሼ

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ቤቴ ሳልደርስ ስታዲየም ባቡር ጣቢያ ላይ ወረድሁና የአዲስ አበባ ስታዲየምን ግንብ ተከትዬ ጥቂት በእግሬ ሄድሁ። ከአባቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የገባሁበት ቀን ትዝ ብሎኝ ነው።

አባቴ ስለዚህ ሜዳ ሲያወሩ ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ ዕለት ብሔራዊ ቡድናችን በግብፅ ሁለት ጊዜ ተመርቶ፣ ሁለቱንም ጊዜ አቻ ሆኖ፣ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ባገቧቸው ጎሎች 4 ለ 2 አሸነፈ፤ የኢታሎ ወንድም አምበሉ ሉቺያኖም ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። አባቴ ግን ብዙ የሚያወሩት ስለ ዋንጫው አይደለም። የመጀመሪያዋ የአቻነት ጎል ደስታ ገና ሳይበርድ ግብፆች ደግመው ሲያገቡ ሕዝቡ ላይ ስለ ወደቀው ዝምታ ነው፤ «ልጄ፣ ያን ዝምታ የሰማ ሰው ነው የአራተኛዋን ጎል ጣዕም የሚያውቀው» ይሉኛል።

ሜዳው ከዚያ በኋላ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. ዋንጫውን ደግሞ አስተናግዷል፤ ሞሮኮም የመጀመሪያ ዋንጫዋን የወሰደችው እዚሁ ነው። በዙሪያው ባለው መም ላይ ደግሞ በ2000 ዓ.ም. የአፍሪካ አትሌቲክስ ሻምፒዮና ተካሂዷል።

ለእኔ ግን የስታዲየሙ ታሪክ ከሁሉም በላይ ያለው ተመልካቹ ለመቀመጫዎቹ ባወጣቸው ስሞች ውስጥ ነው፦ ጥላ ፎቅ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ። እነዚህን ስሞች ማንም በደብዳቤ አላጸደቃቸውም። በተለይ «ከማን አንሼ» የሚለውን ስም ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይሞላል፤ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቁበት ሲሚንቶ ላይ የሚቀመጥ ሰው ጥላ ፎቅ ላይ ከተቀመጠው ባለገንዘብ በምንም እንደማያንስ በሁለት ቃል ተናግሮበታልና።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. እኔና አባቴ የተቀመጥነው እዚያው ነበር። በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያው የመጀመሪያ ጨዋታ ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር 2 ለ 0 ማሸነፍ ይበቃን ነበር፤ ድምሩ እኩል ሲሆን በሰው ሜዳ ብዙ ያገባው ያልፍ ነበርና። አባቴ ከቤት ይዘውት የመጡትን ካርቶን ለሁለት ቀደው ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ፤ ትንሿን ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸው የሚያየውን ጨዋታ ደግሞ በጆሯቸው ይሰሙት ነበር። አዳነ ግርማ ሲያገባ አልተነሡም። ወዲያው ሳላዲን ሰይድ ሁለተኛዋን ሲጨምር ግን ሬዲዮዋ ከእጃቸው ወድቃ ደረጃውን እየነጠረች ወረደች፤ እሳቸውም ዞር ብለው አላዩአትም። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን።

ዛሬ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ለማስተናገድ ለእያንዳንዱ ተመልካች ቁጥር ያለው ወንበር ያስፈልጋል። ተገቢ ነው፤ የአባቴ ወገብም ከሲሚንቶው የተሻለ ይገባው ነበር። ነገር ግን ከቁጥሩ በላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ እነዚያ ስሞች በየቦታቸው እንዲጻፉ ከልቤ እመኛለሁ።

ማታ ለአባቴ ስልክ ደውዬ በዚያ በኩል ማለፌን ነገርኋቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ የከማን አንሼ በር ክፍት እንደሆነ ነው።