ስልኩ ጣና ከገባ በኋላ

ባሕር ዳር ውስጥ ለቱሪስት ጀልባ በሚያከራይ ማኅበር ተራ አስከባሪ ነኝ። የጀልባ ሥራ ከመንዳቱ መጠበቁ ይበዛል። ዘጌ ለመድረስ እንደ ሞተሩ ጉልበት አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን እንግዶቹ በቡናው ጫካ ሽቅብ ወጥተው ኡራ ኪዳነ ምሕረትን፣ ጊዜ ካላቸውም አዝዋ ማርያምን አይተው እስኪመለሱ ድረስ ነጂና ረዳት ወደቡ ላይ ቁጭ ነው። ነጂው ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ይተኛል፣ ረዳቱ ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። ማንንም አልወቅስም፤ ጀልባ ጥሎ የት ይኬዳል?

ከረዳቶቹ አንዱ አንዲት እናት ክንዳቸውን ይዞ ሲያወርድ ስልኩ ከደረት ኪሱ ሾልኮ ጣና ገባ። ሌላ መግዣ እስኪያጠራቅም ዓይኑ ሥራ ፈታ። መጀመሪያ ተነጫነጨ፤ ቀጥሎ የጓደኞቹን ስልክ እየተዋሰ አሰለቻቸው፤ በመጨረሻ በደንገል ታንኳ ከሚመጡት አሳ አጥማጆች አጠገብ መቀመጥ ጀመረ። መረብ ሲያፍታቱ ያግዛል፣ እያገዘ ይጠይቃል። "ትርፍ ጊዜህን መጽሐፍ አንብብበት" የሚሉ መካሪዎች አሉ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ፣ አንድ ዓይናቸውን የጀልባው ገመድ ላይ አድርገው እስቲ እነርሱ ያንብቡ! አዲሱን ስልክ ከገዛ በኋላም ወደቡ ሲደርስ ከሕይወት አድን ጃኬቶቹ ሣጥን ውስጥ ይከተው ነበር። ፈርቶ ይሁን ወይም ወሬው ጥሞት አልጠየቅሁትም።

ነሐሴ ላይ ሒሳብ ለመሰብሰብ አብሬያቸው ሄድኩ። ከእንግዶቹ አንዲት ሴት የአጥማጆቹን ቅርጫት አይተው፣ አሳዎቹ ለምን ሁሉም ሆዳቸው በእንቁላል እንደተሞላ ጠየቁ። እቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴን እንዴት እንዳሠሩ በቃሉ የሚያወርደው አስጎብኚያችን ዝም አለ። ረዳቱ ከጀልባው ጫፍ ሆኖ መለሰ፤ አስጎብኚው ተረጎመ።

"ይህ ነጭ አሳ ነው" አለ። ቀረሶ የሚባለው አሳ እዚያው ሐይቁ ዳር ጥልቀት በሌለው ውኃ ይራባል። ከነጭ አሳ ብዙው ዓይነት ግን ክረምት ሲገባ እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ወጥቶ ጠጠር ላይ እንቁላሉን ይጥላል። ከመውጣቱ በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባል፤ እዚያ መረብ የዘረጋ ሰው የዘንድሮውን አሳ ከሚመጣው ዓመት አሳ ጋር አንድ ላይ ያወጣል። ከዚያም ሁለት አሳ አንሥቶ በአፋቸው ቅርጽ እየለየ አሳየ፤ ይኼ ሌላ አሳ አዳኝ ነው፣ ያኛው ጭቃ ውስጥ ይለቅማል እያለ።

ጠያቂዋ የሥነ ሕይወት መምህር ኖረዋል። የጣና ነጭ አሳ ወደ 15 የሚጠጉ ዝርያዎች እንዳሉት፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ሌላ አሳ እንደሚበሉ፣ አፉ ላይ ጥርስ ለሌለው የአሳ ወገን ይህ ብርቅ መሆኑን ነገሩን። ረዳቱ ይህንንም ጠየቀ፤ ጥርስ ከሌለው ያደነውን በምን ያደቅቃል? ጉሮሮው ውስጥ ባለው ጥርስ፣ አሉት።

ተኝተው የነበሩት ነጂ ነቁና፣ "አንተ፣ ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው?" አሉ።

"እርስዎ ሲተኙ ነዋ፣ ጋሼ።"

መምህሯ በማግሥቱ ቢሮ መጥተው እስከ ጉማራ አፍ እርሱ እንዲወስዳቸው ጠየቁ፤ ለማብራሪያው ለብቻው ከፈሉት። ጋሼም ድርሻ ይገባኛል አሉ፦ "የተማረው እኔ ነድቼ ባደረስኩት ወደብ ላይ ነው!" ስብሰባው ላይ ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱ የምሩን ደገፋቸው። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።