ህሊና ዘግይቶ ነው የሚደርሰው

የጦርነት ልቦለድ ሳነብ አንድ ነገር ቶሎ ያናድደኛል። ወታደሩ ከጠላቱ ጋር ፊት ለፊት ይገጣጠማል፣ ጣቱ ቃታው ላይ ነው፣ ደራሲው ግን እዚያው አቁሞ ያስፈላስፈዋል። ይሄም የእናት ልጅ ነው፣ ይሄም እንደኔ ቤት አለው፣ መግደል ኃጢአት ነው ምናምን። ኧረ በማርያም! ያኛው ሰውዬ እስኪጨርስ ቆሞ ይጠብቀዋል እንዴ?

በቀደም ባህር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት ካፌዎች አንዱ ቁጭ ብለን ይሄንኑ እየተከራከርን ነበር። ልቦለድ እየጻፈ ያለ ጓደኛ አለን። «ሰው የሆነ ሰው ባልንጀራውን ጥሎ አይሮጥም፣ አስተዳደግ አለ፣ እምነት አለ» እያለ ሞገተን። በመሃል መንገዱ ላይ የባጃጅ ጎማ ፈነዳ። በዚህ ዘመን እዚህ ከተማ ጎማ ይሁን ጥይት ለመለየት ጊዜ የሚያጠፋ የለም፣ ነፍሴ አውጪኝ ነው! ቀና ስል ማኪያቶው ተደፍቶ ከጠረጴዛው ጠርዝ ይንጠባጠባል፣ ሞጋቹ ጓደኛችን ደግሞ ከሁላችንም ቀድሞ ጠረጴዛ ስር ገብቷል፤ ለዚያውም የኔን ወንበር ገፍትሮ። በሳቅ ሞትን። እሱ ግን አልሳቀም። «እኔ እኮ አላወቅኩም፣ ሰውነቴ ነው» አለ።

እውነቱን ነው። አደጋ ሲመጣ አንጎል ውስጥ ያለው አሚግዳላ የሚባል ክፍል እኛ ነገሩን አመዛዝነን ሳንጨርስ ሰውነታችንን ያስነሳዋል። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይደልቃል፣ ዓይን ከፊቱ ካለው አደጋ ሌላ አያይም።

ጀርመናዊው ደራሲ ኤሪክ ማሪያ ሬማርክ ይሄ ገብቶታል። ራሱም በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ግንባር ላይ ቆስሏል። በ1929 በመጽሐፍ በታተመው «በምዕራቡ ግንባር ምንም አዲስ ነገር የለም» በተሰኘው ልቦለዱ ውስጥ ጳውል የሚባል ጀርመናዊ ወጣት በሁለቱ ምሽጎች መሃል፣ መድፍ በቆፈረው ጉድጓድ ተደብቆ ሳለ አንድ ፈረንሳዊ ወታደር ላዩ ላይ ይወድቅበታል። ይወጋዋል። በቃ፣ ፍልስፍና የለም። ግን ሰውዬው ቶሎ አይሞትም፣ ውጭ ተኩስ ስላለ ጳውልም መውጣት አይችልም። ያኔ ነው ህሊና የሚመጣው። ከጉድጓዱ ስር ያለውን ቢጫ ውሃ በመሐረቡ አጥልሎ በእፍኙ ያጠጣዋል። ቁስሉን ያስርለታል። ሲሞትበት ቦርሳውን ይከፍታል፤ ሚስትና ትንሽ ልጅ ያለው የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ይቅርታ ይለምናል፣ ቃል ይገባል። የሚገርመው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። በማግስቱ ጓደኞቹ መሃል ሲመለስ ያ ሁሉ ቃል ይተንና ጦርነት ያው ጦርነት ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔን ከግድያው ይልቅ ያስደነገጠኝ ይሄኛው ነው። እጁን ደመ ነፍስ ነው ያንቀሳቀሰው እንበል፣ መርሳቱንስ ማን አዘዘው?

(የበዓሉ ግርማን ኦሮማይ ያነሳል ብላችሁ ስትጠብቁ የነበራችሁ አላችሁ፣ አውቃለሁ። የዋናው ገጸ ባህሪ የጸጋዬ ጣጣ ከደመ ነፍስ ይልቅ ፍቅርና ፕሮፓጋንዳ ስለሆነ ለሌላ ቀን ይቆየን።)

ደግሞ ደመ ነፍስ ሲባል ሁሌ መግደል ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጣው መጽሐፍ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውጊያ ውስጥ ገብተው የተኮሱት ወታደሮች ከሩብ አይበልጡም ብሎ ነበር። አቆጣጠሩ በጣም ተተችቷል፣ ቁጥሩን ይዤ አልከራከርም። ግን ሰው ላይ መተኮስ ለብዙዎች በስልጠና የሚመጣ ነገር ይመስለኛል። እንዲያ ከሆነ «በውስጣችን ያለው አውሬ» የሚለው ወሬ ግማሹን ጥፋት ከአሰልጣኙና ከአዛዡ ላይ አንስቶ በተፈጥሮ ላይ መለጠፍ ነው።

ጓደኛዬን ፍልስፍናውን አትሰርዘው፣ ከተኩሱ በኋላ አድርገው አልኩት። ገና አልተስማማም። አንባቢ ጀግናዬን ይጠላብኛል ብሎ ፈርቷል።