ካበርኔን ያበላሸሁበት ቀን

ቀይ ወይን እንዴት እንደሚቀርብ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር አባዬ ፊት አላፍርም ነበር።

ለዳግማይ ትንሣኤ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር፣ እኔ ቤት መጡ። ከጠላና ከጠጅ ሌላ የማያውቁትን ላስቀምሳቸው ብዬ ከባቱ የመጣ ካበርኔ ሶቪኞ የሚባል ቀይ ወይን ሁለት ጠርሙስ ገዛሁ። ሻጩን እንዴት እንደሚቀርብ ጠየቅኩት። «ቀይ ወይን ፍሪጅ አይገባም፤ በክፍሉ ሙቀት ነው» አለኝ። እስካሁን ያናድደኛል። ምክሩ የወጣው ለቀዝቃዛ አገር ቤት ነው። ለእንዲህ ያለ ወይን 18 ዲግሪ ይበቃዋል፤ የሚያዝያ ባሕር ዳር ግን ከሰዓት በኋላ ከ25 ያልፋል። ቀድቼ ሳሸተው አልኮሉ አፍንጫዬን መታኝ። ሌላ ሽታ የለውም። ደንግጬ ጠርሙሱን ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩትና ከአንድ ሰዓት በላይ ረሳሁት። ይሄ የራሴ ጥፋት ነው።

ምሳው የጣና ቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ነበር። አባዬ አንዴ ጎንጨት አሉ። ፊታቸው ተኮማተረ፤ ምላሳቸውን ላንቃቸው ላይ አሹት። ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡና፣

«ልጄ፣ ይሄ የቆዳ ማልፊያ ነው እንዴ?» አሉኝ።

አልተሳሳቱም። ቆዳ የሚለፋበት የዛፍ ልጣጭ ውስጥ ያለው ታኒን ወይኑም ውስጥ አለ። የካበርኔ ፍሬ ትንሽ ነው፤ ልጣጩ ወፍራም፣ ዘሩ ትልቅ። ታኒኑ የሚወጣው ከነዚህ ነው። እሳት ላይ የቆየ ሻይ አፍ እንደሚያደርቀው ማለት ነው። ቅዝቃዜ ሲጨመርበት ይብሳል። ከዓሣው ጋር ደግሞ ብረት ብረት አለ። ዓሣ አጠገብ አታስቀምጡት!

በማግስቱ ሁለተኛውን ከፈትኩ። ጆግ ውስጥ ገልብጬ አንድ ሰዓት አናፈስኩት፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ። ጮማ ያለው የበግ ጥብስ ሠራሁ፣ ያለ ሚጥሚጣ። ዶሮ ወጥ ከጠንካራ ቀይ ወይን ጋር ይሄዳል የሚሉትን አልቀበልም፤ በርበሬው አልኮሉን እሳት ያደርገዋል፣ ታኒኑንም መራራ ያደርገዋል። ጮማና ሥጋ ግን ያለዝቡታል፤ ታኒኑ ምራቃችንን ትቶ የሥጋውን ፕሮቲን ይይዛል።

አባዬ ቁራጭ ሥጋ ጎረሱ፣ ጠጡ፣ ዝም አሉ። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«ቃሪያ ከተሽበት እንዴ?»

ደስታዬን አልቻልኩትም። ቃሪያን ቃሪያ የሚያሸትተው ነገር እውነትም ካበርኔ ውስጥ አለ። ማንም ሳይነግራቸው በአፍንጫቸው አገኙት።

«እስቲ ጨምሪልኝ» አሉ።