ቀዩ ሳጥን እና ሰማያዊው ሳጥን

ዛሬ ቀይ ሳጥን ያለው ዲስክ ብሉሬይ ማጫወቻ ውስጥ ገብቶ አልነበብ ሲል ዋለ። ዲስኩም ማጫወቻውም አልተበላሹም። ዲስኩ ኤችዲ ዲቪዲ ስለሆነ ነው፤ ይህ በሰማያዊ ሳጥን ከሚሸጠው ብሉሬይ ጋር ይፎካከር የነበረ ባለ ከፍተኛ ጥራት የፊልም ዲስክ ነው።

ሁለቱም 405 ናኖሜትር ሌዘር ይጠቀማሉ። ልዩነቱ ጥልቀቱ ላይ ነው። በብሉሬይ መረጃው ከገጹ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ይርቃል፤ በኤችዲ ዲቪዲ ልክ እንደ ዲቪዲ 0.6 ነው። የብሉሬይ ሌንስ ብርሃኑን ይበልጥ አጥብቦ ስለሚያነጣጥር በአንድ ንብርብር 25 ጊጋባይት ይይዛል፣ ተፎካካሪው 15። ያ ስስ ሽፋን ግን በቀላሉ ይጫራል፤ ጠንካራ ልባስ እስኪገኝለት ድረስ የመጀመሪያዎቹ ብሉሬይ ዲስኮች በፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ ነበር የሚቀመጡት። ኤችዲ ዲቪዲ ይህ ጣጣ አልነበረበትም፣ በተስተካከለ የዲቪዲ መስመርም ይመረት ነበር። በእኔ እምነት ለፋብሪካ የተሻለው እሱ ነበር።

ግን የጨዋታ መሣሪያው ፕሌይስቴሽን 3 ብሉሬይን በሆዱ ይዞ ወጣ፤ የተፎካካሪው የጨዋታ መሣሪያ የኤክስቦክስ 360 ኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ ለብቻው የሚገዛ ነበር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2008 የፊልም ኩባንያው ዋርነር ብራዘርስ ወደ ብሉሬይ አዘነበለ፤ የኤችዲ ዲቪዲ ዋና ደጋፊ ቶሺባ ፌብሩዋሪ 19 ማጫወቻዎቹን ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ።

ቀይ ሳጥን ያላችሁ፦ ያ የኤክስቦክስ ማጫወቻ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ይሠራል። የራሱን የኃይል ገመድ ሰኩለት፣ ዩኤስቢው ብቻውን አይበቃውም። ዊንዶውስ ኤክስፒ ከሆነ የዩዲኤፍ 2.5 ድራይቨር (የዲስኩን የፋይል አደረጃጀት እንዲያነብ የሚያስችል ሶፍትዌር) ይፈልጋል። ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ጥረጉ፣ ዙሪያውን አትሹት። ተጠርጎም ፊልሙ መሃል ላይ የሚቆም ከሆነ የተጣበቁት ንብርብሮች እየተላቀቁ ሊሆን ይችላል፤ ያ በጽዳት አይድንም።