በላስ ቬጋስ ተመርጦ በካርሰን ሲቲ መሥራት

ላስ ቬጋስ ታክሲ የሚነዳ ወገናችን የእንጀራው ጉዳይ የሚወሰነው ከንቲባው ቢሮም፣ ዋሽንግተንም አይደለም። ላስ ቬጋስ ያለበትን የክላርክ ካውንቲን ታክሲዎች የሚቆጣጠረው የኔቫዳ ታክሲካብ ኦቶሪቲ የስቴቱ መሥሪያ ቤት ነው። ሥልጣኑን የሰጠው ሕግ የወጣው በስቴቱ ዋና ከተማ በካርሰን ሲቲ ከሚሰበሰበው የስቴቱ ምክር ቤት ነው። በ2015 ለኡበርና ለሊፍት በር የከፈተው፣ የታክሲውንም ገበያ የቀየረው ያው ምክር ቤት ነው። እኛ ግን ስለ ፕሬዚዳንቱ ሌሊቱን ሙሉ ስንከራከር አድረን፣ የራሳችንን ዲስትሪክት (የምርጫ ክልል) ተወካይ ስም ብንጠየቅ ብዙዎቻችን አናውቅም።

ከላስ ቬጋስ ኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ወጥተው እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰው ነበሩ፤ አቶ አሌክሳንደር አሰፋ። ኢትዮጵያ ተወልደው፣ ኬንያ በስደት ቆይተው አሜሪካ የገቡ፣ አብራሪነት የተማሩ ሰው ናቸው። በኖቬምበር 2018 በዲሞክራት ፓርቲ የ42ኛው ዲስትሪክት ተወካይ ሆነው ሲመረጡ በኔቫዳ ምክር ቤት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ሆኑ። በጃንዋሪ 2021 ግን የመኖሪያ አድራሻቸውንና የምርጫ ገንዘብ አጠቃቀማቸውን የሚመለከት ምርመራ እየተካሄደ ሳለ ወንበራቸውን ለቀቁ። ፍርዱን ለሕግ እንተወውና፣ ነገ ከመካከላችን የሚወዳደር ሰው ስለ እነዚህ ሁለት ነገሮች ሕጉ ምን እንደሚል ከወዲሁ ጠንቅቆ ማወቅ አለበት።

በመጀመሪያ አድራሻው። ለኔቫዳ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ዕድሜው 21 የሞላ፣ በስቴቱ ቢያንስ 1 ዓመት የኖረ መሆን አለበት። የዕጩዎች ምዝገባ ጊዜ ከመዘጋቱ በፊትም ቢያንስ ለ30 ቀናት በሚወዳደርበት ዲስትሪክት ውስጥ መኖር አለበት። ሕጉ የሚጠይቀው በአካል መኖርን ነው። የዘመድ አድራሻ መንጃ ፈቃድ ላይ ማስጻፍ፣ ወይም አፓርታማ ተከራይቶ ቤተሰቡ በሌላ ዲስትሪክት እንዲኖር ማድረግ አያዋጣም። ምዝገባው የሚከፈተው በማርች የመጀመሪያው ሰኞ ሲሆን ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ዕቃው የፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ሳምንት ሳያልፍ ገብቶ ማለቅ አለበት። የመመዝገቢያ ክፍያው 100 ዶላር ብቻ ነው። የፓርቲው ዕጩ የሚለይበት ቅድመ ምርጫ (ፕራይመሪ) በጁን ሁለተኛው ማክሰኞ ይካሄዳል። አንዱ ፓርቲ በሚያይልባቸው ዲስትሪክቶች አሸናፊው የሚለየው ያን ዕለት ነውና፣ ኖቬምበርን እየጠበቀ የሚተኛ ደጋፊ ከጨዋታ ውጭ ነው።

ገንዘቡ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም የእኛ የመዋጮ ልማድ ከዚህ ሕግ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። አዳራሽ ተከራይተን፣ ምግብ አቅርበን፣ በር ላይ ደብተር ዘርግተን «የእነ እገሌ ቡድን፣ 1,000» ብለን እንጽፋለን። አንዱ ከአሥር ሰው ሰብስቦ በራሱ ስም ቼክ ይቆርጣል። ለለቅሶና ለቤተ ክርስቲያን ግንባታ ይህ መልካም ነው። ለምርጫ ግን በሌላ ሰው ስም ገንዘብ መስጠት ወንጀል ነው። ከ100 ዶላር በላይ ያዋጣ ሰው ስሙና አድራሻው በሪፖርት ይገባል፤ ትንሽ ትንሽ እየሰጠ ድምሩ 100 ካለፈም እንዲሁ። ስሙ ያልታወቀ ሰው የሰጠውን 100 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ገንዘብ መያዝ አይቻልም። ከአንድ ሰው የሚፈቀደው ጣሪያ ለፕራይመሪው 5,000፣ ለጠቅላላው ምርጫ ደግሞ 5,000 ዶላር ነው። የተሰበሰበው ገንዘብ ገና 100 ዶላር ሲደርስ በሳምንት ውስጥ ለብቻው የባንክ ሒሳብ ይከፈትለታል። ከዚያ ሒሳብ የቤት ኪራይ፣ የመኪና ክፍያ፣ የልጅ ትምህርት ቤት አይከፈልም። በገንዘብ የሚቸገር ተወዳዳሪ «በኋላ እተካዋለሁ» ብሎ የሚነካት የመጀመሪያዋ 200 ዶላር ናት ሥራውን የምታበላሸው።

በሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ገንዘብ አይቀበል፤ ዜጋ ነዎት ወይስ ግሪን ካርድ ያዥ? የፌዴራል ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንዲያዋጣ ይፈቅዳል። በተማሪ ቪዛ ያለ፣ የጥገኝነት ማመልከቻው ገና ያልተወሰነለት፣ ወይም ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የመኖሪያ ጥበቃ) ብቻ የያዘ ሰው ግን ለየትኛውም የአሜሪካ ምርጫ ማዋጣት አይችልም፤ አገር ቤት ያለ ዘመድም የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያዥ ካልሆነ አይችልም። ድምፅ መስጠት ለዜጋ ብቻ ነው። ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት) ወረቀት ሲሞላ ሳያውቅ የመራጭነት መዝገብ ውስጥ የገባ ግሪን ካርድ ያዥ የዜግነት ማመልከቻው ሊበላሽበት ይችላል፤ ድምፅ ከሰጠ ደግሞ ከአገር እስከመባረር ይደርሳል። አባት እናቶቻችንን ወደ ዲኤምቪ የምንወስድ ልጆች ስለ መራጭነት ምዝገባ የምትጠይቀውን መስመር አብረናቸው እናንብብ።

ካሸነፈ በኋላ ያለው ሕይወት ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። ምክር ቤቱ መደበኛ ስብሰባ የሚያደርገው በጎዶሎ ቁጥር ዓመታት ብቻ ሲሆን፣ ከፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ሰኞ ጀምሮ ለ120 ቀናት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ደመወዝ የሚከፈልበት የመጀመሪያው 60 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚታሰበው የውሎ አበል ነው። ካርሰን ሲቲ ከቬጋስ ወደ 430 ማይል ይርቃል። የካዚኖ ፈረቃውን ወይም ታክሲውን ለአራት ወር ጥሎ መሄድ የሚችል ሰው ከመካከላችን ስንት ነው? ብዙ ብቁ ሰዎች የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው እንጂ በንግግር ችሎታ አይመስለኝም። ኒው ዮርክን ብናይ፣ አባታቸው ከኢትዮጵያ የሆኑት የሮቸስተሯ የስቴት ሴናተር ሳምራ ብሩክ የሚሠሩበት ምክር ቤት ከ2023 ጀምሮ በዓመት 142,000 ዶላር ይከፍላል። እዚያ ፖለቲካው ራሱን የቻለ መተዳደሪያ ነው። ኔቫዳ ውስጥ ግን ሌላ ገቢ፣ የሚጠብቅ አሠሪና ቤቱን የሚይዝ የትዳር ጓደኛ ያስፈልጋል።

የኔቫዳ ምክር ቤት ሁለት ክፍል አለው፤ አሴምብሊው 42 አባላት አሉት፤ ሴኔቱ 21። ተራ ሕግ ለማሳለፍ በአሴምብሊው 22 ድምፅ ይበቃል፤ ግብር የሚጨምር ከሆነ 28 ያስፈልጋል። ኤፕሪል ሳይጋመስ ከኮሚቴ ያልወጣ ረቂቅ አብዛኛውን ጊዜ ለዚያ ዓመት ሞቷል፤ ቀጣዩ ዕድል ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ተወካያችንን በሜይ ማጨናነቅ ከንቱ ድካም ነው። የሹፌሮች ጉዳይ ካለ ስብሰባው ከመከፈቱ በፊት፣ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ባሉት ወራት፣ ችግሩን በአንድ ገጽ ጽፎ መስጠት ይሻላል። ረቂቁ ኮሚቴ ሲደርስ ካርሰን ሲቲ ድረስ መንዳት የግድ አይደለም፤ ላስ ቬጋስ ካለው የምክር ቤቱ ቢሮ በቪዲዮ መናገር ይቻላል። የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው። ስም፣ የረቂቁ ቁጥር፣ ደጋፊ ወይስ ተቃዋሚ፣ ከዚያ አንድ እውነተኛ የገቢ ወይም የወጪ ምሳሌ። ሰላምታና ምስጋና ብቻ ደቂቃውን እንዳይበላው ቀድሞ በሰዓት ተለማምዶ መግባት ነው።