ባቱሚ፦ አዳኝ ወፎች በየተራቸው የሚያልፉበት ሰማይ

ሳካልቫሾ ከባቱሚ ከተማ በስተሰሜን፣ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች የጆርጂያ መንደር ናት። በአንድ በኩል ጥቁር ባሕር፣ በሌላው በኩል ተራራ። ከሩሲያና ከምሥራቅ አውሮፓ ወደ አፍሪካ የሚወርዱት አዳኝ ወፎች ሁለቱንም ይሸሻሉ። ባሕር ላይ ሽቅብ የሚወጣ ሞቃት አየር የለም፤ እሱ ከሌለ ትልልቆቹ ክንፋቸውን ዘርግተው መንሳፈፍ አይችሉም። ተራራው ደግሞ ደመናና ዝናብ ይይዛል። ስለዚህ መሃል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ይጨናነቃሉ። በፈረንጆቹ 2008 የተጀመረው ቆጠራ በአንድ የፍልሰት ወቅት ከሚሊዮን በላይ ይመዘግባል።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚህ ቁጥር ነው። እኔ ግን የጓጓሁት ተራቸውን ለማየት ነው፤ ማን ይቀድማል፣ ማንስ ይከተላል?

የደረስኩት በሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ ሃኒ ባዛርድ በምትባለው አዳኝ ወፍ ሰሞን ነው። ሃኒ ማለት ማር ቢሆንም ዋና ምግቧ የተርብ እጭ ነው። ብርድ ሲገባ የተርብ ጎጆ ባዶውን ይቀራል። እሷም ያን ሳትጠብቅ ቀድማ ውልቅ ትላለች።

ጠዋት ኮረብታው ላይ ስንወጣ ጭጋግ ነበር፤ ወፍ የለም። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ መሬቱን ስታሞቀው በሰሜን በኩል ጥቃቅን ነጥቦች ታዩ። ነጥቦቹ ተሰበሰቡ፣ መዞር ጀመሩ፣ እየዞሩ ወደ ላይ ወጡ። ጫፍ ሲደርሱ ክንፋቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ደቡብ ተንሸራተቱ። ቆጣሪዎቹ ሲዞሩ ዝም ብለው ያዩዋቸዋል፤ ተሰልፈው ሲንሸራተቱ ነው በእጅ መቁጠሪያቸው ቀጭ ቀጭ የሚያደርጉት። እኔ ቶሎ ጠፋብኝና አንገቴን ብቻ አመመኝ።

ሃሪየር የሚባሉት አዳኝ ወፎች ግን ጥበቃ አያውቁም። ረጅም ቀጭን ክንፋቸውን እያርገበገቡ ስለሚሄዱ ሞቃት አየር ባይኖርም ግድ የላቸውም። ማልዶ የተነሳ ሰው መጀመሪያ እነሱን ያያል። ንስሮቹ እስኪሞቅ ድረስ ዛፍ ላይ ቁጭ ነው። የየወሩ ተራ እንዳለ ሁሉ የየሰዓቱም ተራ አለ ማለት ነው።

ከወሩ አጋማሽ ጀምሮ ሰማዩ መልኩን ቀየረ። ጥቁር ጭላቶች በብዛት መጡ። ከሃኒ ባዛርዶቹ መካከልም የዘንድሮ ጫጩቶች መታየት ጀመሩ። እኔን በጣም የገረመኝ ይሄ ነው። ወላጆቻቸው ቀድመው ሄደዋል፤ መንገድ የሚያሳያቸው የለም። በሳተላይት የተከታተሏቸው ተመራማሪዎች እንዳዩት ወጣቶቹን ነፋስ በቀላሉ ከመስመር ይገፋቸዋል፤ ልምድ ያላቸው ግን ያካክሱታል። ስንት ዘመን ተኪዶበት የተለመደ መንገድ፣ ለእነሱ ገና አዲስ ነው።

ከዚያ ዝናብ ያዘን። ሲዘንብ ማንም አይነሳም፤ ወደኋላ ይከማቻሉ። ሰማዩ ሲከፈት የተጠራቀመው ሁሉ በአንዴ ይለቀቃል። ቀናቸውን ዝም ብለው በካሌንደር መርጠው የሚመጡ ጎብኚዎች የሚናደዱት ለዚህ ነው። ቀን ርዝመቱ ሲያጥር ወፎቹን ለጉዞ ያነሳሳቸዋል፤ የዕለቱን ውሳኔ ግን አየሩ ነው የሚሰጠው።

ደስ የማይለውም አለ። በአካባቢው አዳኝ ወፎችን ተኩሰው የሚገድሉ ሰዎች አሉ። ከሩቅ ጥይት ሲተኮስ ቆጣሪዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ዝናብና ጭጋግ ወፎቹን ዝቅ ብለው እንዲበሩ ሲያስገድዳቸው ለተኳሽ ይመቻቻሉ።

በወሩ መጨረሻ ስቴፕ ባዛርድ የምትባለው ሌላ አዳኝ ወፍ እንደ ማዕበል መጣች። ይቺ አይጥና መሰሎቿን ስለምታድን እንደ ተርብ በሊታዋ አትጣደፍም፤ ዋናው ጎርፏ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ይዘልቃል። ነጠብጣብ ያለባቸው ትናንሽ ንስሮችም አብረው ወረዱ።

ለብዛት ብቻ የሚሄድ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ይሂድ። እኔ ግን ምረጥ ብባል የወሩን የመጨረሻ ሳምንት ነው የምመርጠው፤ ዓይነቱ ይበዛል፣ ንስር ይገኛል። ለዝናቡ ግን ጥቂት ትርፍ ቀን ያዙ።