ፒሲኦኤስ እያለብኝ ለማርገዝ ያለፍኩበት የሕክምና ቅደም ተከተል

ባሕር ዳር ውስጥ አንዲት የማህፀን ሐኪም ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም (በምህጻሩ ፒሲኦኤስ፤ የእንቁላል እጢዎችን ሥራ የሚያዛባ የሆርሞን ችግር) እንዳለብኝ ሲነግሩኝ፣ ቤተሰቤ የመከረኝ በቀጥታ አዲስ አበባ ሄጄ አይቪኤፍ (እንቁላልና ዘርን ከሰውነት ውጭ አዋህዶ ማስረገዝ) እንዳሠራ ነበር። ሐኪሟ ግን የእኔ ችግር እንቁላል ማጣት ሳይሆን እንቁላሉ በየወሩ በጊዜው አለመለቀቁ እንደሆነ፣ ሕክምናውም ከቀላሉ ተነሥቶ እንደ አስፈላጊነቱ ከፍ እንደሚል አስረዱኝ።

መድኃኒት ከመጀመሬ በፊት የታይሮይድ፣ የፕሮላክቲን (ጡት ወተት እንዲያመርት የሚያደርግ ሆርሞን) እና የደም ስኳር ምርመራ አደረግሁ፤ የማህፀን ቱቦዎቼ ክፍት መሆናቸውም በኤክስሬይ ታየ። ባለቤቴ የዘር ፈሳሹን እንዲመረመር ሲታዘዝ አማቴ «ልጄ ምን ሆኖ ነው?» ብለው ቅር ቢሰኙም፣ እሱ ሳያንገራግር ተመረመረ። ይህ ምርመራ ሳይደረግ ሴቲቱ ብቻ ለወራት መድኃኒት የምትውጥበትን አሠራር አጥብቄ እቃወማለሁ።

ከመጠን ያለፈ ክብደት ላላት ሴት ከክብደቷ ከ5 እስከ 10 ከመቶ መቀነስ ብቻውን የወር አበባን ሊያስተካክል ስለሚችል፣ ስኳር የበዛበትን ሻይና ነጩን ዳቦ ትቼ ማለዳ ማለዳ በጣና ዳር መንገድ በእግሬ እሄድ ነበር። ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒትም ታዘዘልኝ፤ ሆዴን ያውከኝ ስለነበር ከምግብ ጋር መውሰድ ግድ ሆነብኝ።

ዋናው መድኃኒት ሌትሮዞል ነበር። በማሸጊያው ውስጥ ያለው ወረቀት መድኃኒቱ ለጡት ካንሰር የተሠራ መሆኑን ስለሚገልጽ እጅግ ደንግጬ ነበር። ሐኪሟ እንዳብራሩልኝ ግን መድኃኒቱ ኤስትሮጅንን ለጥቂት ቀናት ሲቀንሰው አንጎል እንቁላል የሚያሳድገውን ሆርሞን ጨምሮ ይልካል። እርግዝና አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ የወር አበባ ከመጣበት ከ3ኛው ቀን ጀምሮ ለ5 ቀናት እወስደው ነበር፤ ከዚያም የእንቁላሉን ከረጢት እድገት በአልትራሳውንድ እንከታተል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ታትሞ በወጣ፣ 750 ፒሲኦኤስ ያለባቸው ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት፣ ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 ከመቶው ሕያው ልጅ ሲወልዱ ክሎሚፊን የተባለውን ሌላ የእንቁላል ማሳደጊያ መድኃኒት ከወሰዱት ግን 19.1 ከመቶው ብቻ ወልደዋል። ቀድሞ የሚታዘዘው ክሎሚፊን ስለነበር፣ እሱ ብቻ የተሰጣት ሴት ስለ ሌትሮዞል ሐኪሟን ብትጠይቅ መልካም ነው።

በዚያው ወቅት ወደ ዘጌ ተሻግሬ ጠበል እጠመቅ ነበር፤ መድኃኒቱን ግን አንድም ቀን አላቋረጥኩም፤ እኅቶቼም እንዲሁ እንዲያደርጉ እለምናለሁ።

ሌትሮዞል ባይሠራልኝ ኖሮ ተከታዩ የሆርሞን መርፌ ወይም በላፓሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ) የሚደረግ የኦቫሪ (የእንቁላል እጢ) ቀዶ ሕክምና ነበር። መርፌው ብዙ እንቁላል በአንድ ጊዜ ሊያሳድግ ስለሚችል መንታና ከዚያም በላይ እርግዝና፣ አልፎ አልፎም የሆድ ውኃ መቋጠርና የኦቫሪ እብጠት ሊያስከትል ይችላል፤ ስለዚህ ያለ ቅርብ የአልትራሳውንድ ክትትል ሊሰጥ አይገባም። አይቪኤፍ የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ፣ ወይም ቱቦ ሲዘጋ አልያም የወንዱ ዘር በጣም ሲያንስ ነው።

እኔ በሌትሮዞል አረገዝኩ። ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት በእርግዝና ጊዜ ለስኳር ሕመም ይበልጥ የምትጋለጥ በመሆኗ፣ የደም ስኳሬ ገና ከመጀመሪያው ክትትል ተለክቷል፤ በ24ኛውና በ28ኛው ሳምንት መካከልም ግሉኮስ ጠጥቼ ድጋሚ እመረመራለሁ።